ከባሮ መርከብ እስከ ላንድክሩዘር፤ በጋምቤላ የሞተር ክፍተት ማስተካከል ሥራ ታሪክ

መግቢያ

ስለ ጋምቤላ የተጻፉት የታሪክ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ሦስት ነገሮችን ነው፤ እነርሱም የወሰን ውል፣ የቡና ንግድና የወንዝ መርከብ ናቸው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን ከነዚህ ከሦስቱ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ ብዙ ያልተመረመረ አንድ ጉዳይ ማንሣት ነው፤ ይኸውም ወደዚያ አገር የገባው ሞተር ሁሉ እንዲሠራ የሚያደርገው የክፍተት ማስተካከል ሥራ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንቀሳቀስ በመካከሉ የተወሰነ ክፍተት ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ከልኩ ሲያልፍ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ከልኩ ሲያንስ ይቃጠላል። ይህን ልክ ለመጠበቅ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የተጠቀሙበት ብልሃት ስስ ብረት በመካከል ማስገባት ነው። ዛሬ የጋራዥ ሰዎች ይህን ስስ ብረት ሺም ይሉታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚከራከርበት አሳብ የሚከተለው ነው። አንድ ሞተር ወደ አንድ አገር መቼ ገባ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የክፍተቱን ልክ ማን አወቀ፣ ስሱ ብረትስ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በመርከቡ ዘመን፣ በካሚዮኑ ዘመንና በላንድክሩዘሩ ዘመን የተለያየ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የባሮ ጣቢያና የእንፋሎት መርከቦች

ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (1902) በተፈራረሙት የወሰን ውል አራተኛ አንቀጽ መሠረት፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። የመሬቱ የወንዝ ዳር ርዝመት ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይም እንዳይውል ተጻፈ። ኢታንግ ግን ውሃ የሚያጥለቀልቀው ሆኖ ስለ ተገኘ ጣቢያው ከዚያ ወደ ላይ በጋምቤላ ተመሠረተ። ጋምቤላ በ526 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ስትሆን፣ ከበላይዋ ያለችው ጎሬ ግን 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ቡናው ከጎሬና ከቡሬ በበቅሎና በሰው ትከሻ ቁልቁል እየወረደ ከወንዙ ዳር ይደርስ ነበር፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል።

መርከቦቹ በኋላቸው ትልቅ መንኰራኵር ያላቸው፣ እንጨት እያነደዱ በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ። ባሮ መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ነው፤ ውሃው ከጐደለ በኋላ የዘገየ መርከብ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ የመቅረት አደጋ ነበረበት። እንግዲህ ሞተሩ በጉዞ መካከል ቢበላሽ የሚታጣው አንድ ቀን ብቻ አልነበረም፤ የዓመቱ የንግድ ጊዜ ራሱ ሊያልፍ ይችል ነበር።

የዚህ ዓይነት የእንፋሎት ሞተር አሠራር እንዲህ ነው። እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደር የሚገባውና የሚወጣው ወዲያና ወዲህ በሚንሸራተት ቫልቭ ነው። ቫልቩ በሁለቱም ጫፍ እኩል እንዲከፍት በዘንጉ ላይ ልኩ ይስተካከላል፤ እኩል ካልሆነ አንዱ ምት ጠንካራ፣ ሌላው ምት ደካማ ይሆናል። ፒስቶኑን ከመንኰራኵሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ረጅም ክንድ ደግሞ በጫፎቹ ላይ ሁለት ሁለት የናስ ግማሾች አሉት። ናሱ በሥራ ብዛት ሲበላ ክንዱ መንኳኳት ይጀምራል። በብዙ የእንፋሎት ሞተሮች ላይ በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ብረቶች ተደራርበው ይቀመጡ ስለ ነበረ፣ መካኒኩ አንዱን ስስ ብረት አውጥቶ መልሶ ሲያጠብቀው ክፍተቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከልክ በላይ ካጠበቀው ግን ናሱ ይግላል፤ ሲብስም ይበላሻል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመርከቡ ስስ ብረት ከፋብሪካ ተለክቶ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። አንድ የናስ ወይም የቆርቆሮ ቅጠልና አንድ መቀስ ያለው ሰው በመርከቡ ላይ ራሱ ቈርጦ ሊያበጀው ይችላል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውዱ ነገር እጁና ጆሮው ነው። ይሁን እንጂ ትልቁ የመርከብ መጠገኛ በካርቱም ባሕሪ የነበረ ስለ ሆነ፣ ባሮም ሲጐድል መርከቦቹ ወደዚያው ስለሚመለሱ፣ ከባድ ጥገናው የሚፈጸመው ከጋምቤላ ውጭ ነበር። ጋምቤላ የመርከብ ማራገፊያ ሆነች እንጂ የመርከብ መጠገኛ አልሆነችም። ጣቢያው በ1936 በኢጣልያኖች ተያዘ፤ በ1941 ወደ ሱዳን አስተዳደር ተመለሰ፤ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ደግሞ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመርከቡ ንግድ ቀስ በቀስ ደክሞ በደርግ ዘመን ቆመ። መርከቦቹ ሲቀሩ አብሮ የቀረው ጥበባቸውም ነው፤ ምክንያቱም ሥሩ በካርቱም እንጂ በጋምቤላ አልነበረም።

የካሚዮን ዘመንና የጋራዥ ቋንቋ

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1907 ማለቂያና በ1908 መግቢያ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ለአፄ ምኒልክ ያመጣው በዚህ ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ የጥገና ሥራ በአገሪቱ ውስጥ በሰፊው የተሠራጨው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1941 መንገድ በተከፈተና ብዙ ካሚዮን በገባ ጊዜ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት 634 ካሚዮን የዚያ ዘመን ምልክት ነው። ከጦርነቱም በኋላ ኤን ትሬ የሚባለው ፊያት 682 ለረጅም ጊዜ የአገሪቱን ጭነት ተሸክሟል።

ምዕራቡ አገር የዚህን ጦርነት ፍጻሜ በቅርብ አይቷል። በመጋቢት 1941 የእንግሊዝ የአፍሪካ ወታደሮች ጋምቤላን ያዙ፤ ከኮንጎ የመጣው የቤልጅግ ጦርም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደምቢዶሎ ወጣ። ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ በምትባለው በዚያችው በደምቢዶሎ ለጄኔራል ዢሊያርት እጁን ሰጠ። ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣው ዳገት ለሰውም ለመኪናም ከባድ መሆኑን ያ ዘመቻ አሳይቷል።

ስለ ጥበቡ አመጣጥ ግን ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ቋንቋ ነው። ዛሬ በጋምቤላ ከተማ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወጣት፣ አኙዋክም ቢሆን ኑዌር፣ ከደጋ የመጣም ቢሆን፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በአማርኛ ሲነጋገር የሲሊንደሩን ክዳን ቴስታታ፣ በመካከሉ የሚገባውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን፣ እሳት ሰጪውን ካንዴላ፣ ማላቀቂያውን ፍሪሲዮን፣ ጎማ ጠጋኙን ጎሚስታ ይላል። እነዚህ ሁሉ የኢጣልያ ቃላት ናቸው። እንግሊዞች በሱዳን ስም በጋምቤላ ከ30 ዓመት በላይ ሲቀመጡ፣ የኢጣልያ ወረራ ግን በመላ አገሪቱ 5 ዓመት ብቻ ነበር። ነገር ግን የጋራዡን ቋንቋ የተከለው ረጅሙ ጊዜ አይደለም፤ ጥገናውን በአገር ውስጥ ያቋቋመው ነው። እንግዲህ የጋምቤላ መካኒክ ቃሉን የወረሰው በወንዙ ከመጣው መርከብ ሳይሆን ከምሥራቅ በመንገድ ከመጣው ካሚዮን ነው። ይህ ከላይ ስለ መርከቡ ጥበብ የተነገረውን ያጠነክራል።

የዚያ ዘመን ካሚዮን የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከልበት መንገድም የራሱ ጠባይ ነበረው። በነዚህ ትላልቅ የፊያት ሞተሮች ላይ ቫልቩን የሚጫነው ክንድ በጫፉ ብሎንና ማሰሪያ ዳዶ አለው። መካኒኩ መለኪያውን ያስገባል፣ ብሎኑን ያዞራል፣ ዳዶውን ያስራል፤ ሥራው አለቀ። ለዚህ ሥራ መፍቻና መለኪያ እንጂ አዲስ ዕቃ አያስፈልግም። በመንገድ ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሹፌርና ረዳት ራሳቸው መካኒክ በሆኑበት በዚያ ዘመን ሞተሩ ከሰዎቹ ጋር የሚስማማ ነበር ማለት ይቻላል።

ሺም ወደ ቫልቭ ላይ መውጣቱ

በአውሮፓ የሞተር ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ካምሻፍቱን ከቴስታታው ላይ አውጥቶ በቀጥታ በቫልቮቹ ላይ ማስቀመጥ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል እንደ ጽዋ ያለ ገፊ ይቀመጣል፤ ብሎን ለማስገባት ግን ቦታ የለም። ስለዚህ ልኩ በታወቀ በጠንካራ ክብ ብረት መስተካከል ነበረበት። በ1948 የወጣው የእንግሊዙ ጃጓር ሞተር ሺሙን ከጽዋው ሥር ስላስቀመጠው፣ ሺም ለመለወጥ ካምሻፍቱን ማውረድ ግድ ነበር። ኢጣልያዊው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ በ1966 በወጣው የፊያት 124 ስፖርት ሞተር ላይ ሺሙን ከጽዋው በላይ አደረገው፤ በዚህም ካምሻፍቱ ሳይወርድ ጽዋው ብቻ ወደ ታች ተጭኖ ሺሙ እንዲወጣ ሆነ።

ይህ አሠራር ወደ ጋምቤላ የገባው ግን በፊያት አይደለም፤ በጃፓኑ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። በ1990 የወጣው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር 4164 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይዘት ሲኖረው፣ 12 ቫልቮቹ የሚስተካከሉት ከጽዋው በላይ በሚቀመጥ ሺም ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ የማስወጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር እንዲሆን ታዟል። የማስወጫው ክፍተት የሚበልጠው የተቃጠለ ጋዝ ስለሚያልፍበት በጣም ግሎ ስለሚረዝም ነው።

ላንድክሩዘር በዚህ አገር ምን እንደሚሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። በውሉ ላይ ስሟ የተጻፈው ኢታንግ በ1980ዎቹ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ስደተኞች የሰፈሩባት ቦታ ሆነች። በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም እንደ ኩሌና ቴርኪዲ ያሉ ሰፊ የስደተኛ ካምፖች ተቋቋሙ። በነዚህ መንገዶች ላይ መድኃኒት፣ ክትባት፣ ምጥ የያዛትን ሴትና የታመመ ሕፃን የሚያመላልሰው ብዙ ጊዜ ይኸው መኪና ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ አለ፤ ሙቀቱም በደረቁ ወራት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር የሆነች ክፍተት በዚህ አገር የሰው ሕይወት ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

በታደሰ ሞተር ላይ ሺም የሚያመጣው ችግር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። ሞተር ሲታደስ የቫልቩ መቀመጫ ይፋቃል፣ የቫልቩም ፊት ይሳላል። በዚህ ምክንያት ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጭራውም በዚያው መጠን ወደ ካምሻፍቱ ይቀርባል። እንግዲህ ከእድሳት በኋላ ክፍተቱ ይጠብባል። ሳይለካ የተገጠመ ቴስታታ ያለው ሞተር ቀዝቃዛ ሳለ ጸጥ ብሎ በደኅና ይሠራል፤ ባለቤቱም ድምፁን ሰምቶ ይደሰታል። ነገር ግን ዳገት ላይ ሲግል ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እሳቱ በጠርዙ በኩል እያፈተለከ ያቃጥለዋል። ስለዚህ በዚህ ሞተር ላይ ጸጥታ ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት አይደለም። የሚንኳኳ ቫልቭ ያስጠነቅቃል፤ የጠበበ ቫልቭ ግን ሳይናገር ይቃጠላል።

የሚፈለገው ሺም ውፍረት የሚገኘው በቀላል ሒሳብ ነው፤ በአሮጌው ሺም ውፍረት ላይ የተለካው ክፍተት ይደመርና የታዘዘው ክፍተት ይቀነሳል። ለምሳሌ በአንድ የማስወጫ ቫልቭ ላይ ያለው ሺም 2.90 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የተለካውም ክፍተት 0.25 ቢሆን፣ የሚፈለገው 0.40 ከሆነ አዲሱ ሺም 2.75 ሚሊሜትር መሆን አለበት።

ሞተሩ ያልታደሰ ሲሆን መካኒኩ ሺሞቹን ሁሉ በማይክሮሜትር ለክቶ፣ በሠንጠረዥ ጽፎ፣ ከአንዱ ቫልቭ ወደ ሌላው እያዛወረ ብዙውን ክፍተት ሊያስተካክል ይችላል። ጥቂት ሺም ብቻ ከውጭ ይገዛል። በታደሰ ሞተር ላይ ግን ይህ ብልሃት አይበቃም። ምክንያቱ በሒሳብ ሊታይ ይችላል። ቫልቮቹ በአማካይ 0.15 ሚሊሜትር ቢሰምጡ የ12ቱ ሺሞች ጠቅላላ ውፍረት በ1.80 ሚሊሜትር መቀነስ አለበት። ሺሞቹ እርስ በርሳቸው ቢለዋወጡ ግን ጠቅላላው ውፍረት ያው ነው። አንዱ ቫልቭ ልኩን ሲያገኝ ሌላው ይጠብባል። ስለዚህ የታደሰ ሞተር ከራሱ ውጭ የመጣ ቀጭን ሺም ይፈልጋል፤ ወይም የቫልቮቹ ጭራ ጫፍ በመሣሪያ በጥቂቱ መላግ አለበት። ጭራውን መላግ በልኩ ከተሠራ የታወቀ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የጠነከረው የጫፉ ብረት ስስ ስለ ሆነ ብዙ ሊላግ አይችልም። ሺሙን በእጅ በድንጋይ ስሎ ማቅጠን ግን የሁለቱን ፊት እኩልነት ያጠፋል፤ የጠነከረውንም ላይኛ ፊት ይገፋል፤ ካምሻፍቱንም ያስበላል።

ከዚህ የሚወጣው የታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። የመርከቡ ሰው ስሱን ብረት ራሱ ይቈርጥ ነበር። የካሚዮኑ ሰው ስስ ብረት ሳያስፈልገው ብሎን ያዞር ነበር። የላንድክሩዘሩ ሰው ግን ጥበቡ ቢኖረውም ልኩ የታወቀው ሺም በእጁ ከሌለ ሥራው ይቆማል። ጋምቤላ ደግሞ ከአዲስ አበባ በመንገድ ከ700 ኪሎሜትር በላይ የራቀች ናት። ሞተሩ ይበልጥ ረቂቅ እየሆነ በሄደ ቍጥር የጥገናው ሥልጣን ከመንገድ ዳር ወደ ዕቃ መጋዘን ተዛውሯል ማለት ነው።

ይህን ሁኔታ አይቶ አዲሱን ሞተር መንቀፍ ግን ተገቢ አይሆንም። በሺም የተስተካከለ ክፍተት እንደ ብሎን አይላላም፤ ብዙ ኪሎሜትር ሳይነካ ልኩን ይጠብቃል። መካኒክ በሌለበት በረሃ ለሚሄድ መኪና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አደጋው የሚመጣው ሞተሩ አርጅቶ በሚታደስበት ሰዓት ነው፤ ጋምቤላም የአሮጌ መኪና አገር እንደ መሆኗ መጠን ያ ሰዓት መምጣቱ አይቀርም።

መደምደሚያ

እስካሁን የተነገረው በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ የባሮ መርከብ ለጋምቤላ ንግድን ሰጠ እንጂ የሞተር ጥበብን አላወረሰም፤ መጠገኛው በሌላ አገር ስለ ነበረ መርከቡ ሲቀር ጥበቡም ቀረ። ሁለተኛ፣ የዛሬው የጋምቤላ ጋራዥ ጥበብ በመንገድ ከደጋው የወረደ መሆኑን ራሱ ቋንቋው ይመሰክራል። ሦስተኛ፣ ስሱ ብረት ከቈርጦ አደሩ ሰው እጅ ወጥቶ የፋብሪካ ዕቃ በመሆኑ፣ ሩቅ አገር ያለ ጥገና ከእጅ ጥበብ ሌላ የመጋዘንና የመዝገብ ሥራ ይፈልጋል።

ከነዚህ ውስጥ በቶሎ ሊሠራ የሚችለው መዝገቡ ነው። ቴስታታ በተነሣ ቍጥር የ12ቱ ሺሞች ውፍረትና የተገኙት ክፍተቶች በአንድ ደብተር ቢጻፉ፣ ከአሮጌ ሞተር የወጡ ሺሞችም ተለክተው በየልካቸው ቢቀመጡ፣ የሚመጣው መካኒክ መኪናውን ሳይፈታ የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ ዕቃውንም መንገዱ በክረምት ሳይበላሽ ያስመጣል። እንዲህ ያለ ደብተር ለመካኒኩ መሣሪያ እንደ ሆነ ሁሉ ለታሪክ ተማሪም ሰነድ ይሆናል። የወሰን ውልና የጉምሩክ ሒሳብ በቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ የጋራዥ ደብተር ግን በዘይት ተነክሮ ይጣላል። በጋምቤላና በጎሬ፣ በደምቢዶሎና በጅማ ያሉትን አረጋውያን መካኒኮች ቃል መሰብሰብና ደብተራቸውን ማስቀመጥ ስለዚህ የጊዜው ሥራ ነው። በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ኮሌጆች ያሉ ባልንጀሮቻችን ይህን ሥራ ቢይዙት፣ አገራችን ሞተር የተቀበለችበትን ታሪክ ብቻ ሳይሆን ሞተር ያኖረችበትንም ታሪክ ለመጻፍ ይቻላል።